አምልጥ

ዶርካስ ሃርዲች፣ ጡረተኛ መሬት ቀያሽ፣
ሰባ አንድ ዓመቷ፣
ማጉያ በኪሷ፣ መነጽር ባንገቷ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ
ወደ መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ትወርዳለች።
ከሞተ ሦስት መቶ አርባ ዓመት ያለፈው
አንድ ሰው ጠፍቶባት እሱን ትፈልጋለች።
መቃብሩንስ ታውቀዋለች፤
ከማሳቹሴትስ ባሕር ዳር፣ ከጨው ሣሩ መሐል፣
ድንጋዩ ጎብጦ ፊደሉን ነፋስ ልሶታል።
የጠፋባት መነሻው ነው።
የማን ልጅ ነው?

የመርከቡ መዝገብ፦ «ኢኖክ ሃርዲች፣ አናጢ፣ ዕድሜ ሃያ ሁለት»።
የቤተ ክርስቲያኑ፦ «አርዲጅ»።
የግብር ደብተሩ፦ «ኸርድዊች»፣ በተጣመመ ጽሕፈት።
ጸሐፊ የሰማውን ይጽፋል፤
እሱም ፊደል አልቆጠረ፣
«ተሳሳትክ» ሳይል በሦስት ስም ኖረ።

ዘመዶቿ ግን ቀዳዳ አይወዱም።
የአያቷ ወንድም፣ አጎት ኤልካና፣
በዓሣ ዘይት ንግድ ገንዘብ የተረፈው፣
በቆዳ የተጠረዘ መጽሐፍ አሳትሞ
ኢኖክን የአንድ ባለ ሰይፍ ባላባት
የልጅ ልጅ አድርጎ ጻፈው።
ጋሻም አሠራለት፣ ሦስት ቁራ ያለበት።
ዛሬም ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ተሰቅሏል፤
በየገናው ከሥሩ ተቀምጠው ይበላሉ፣
ልጆቹ ቁራዎቹን ይቆጥራሉ።

ዶርካስ ግን ቀያሽ ናት፤
ችካል ሳታይ ወሰን አትጽፍም።

ባለፈው ሚያዝያ ባሕሩን ተሻግራ፣
በሰፈክ፣ ኮልድ ማርሊንግ በምትባል መንደር፣
ዝናብ ዝናብ በሚሸት ደብር
ከአንድ ብራና ላይ ሁለት ኢኖክ አገኘች።
አንዱ የባላባቱ የልጅ ልጅ፣ በወጉ የተጠመቀ፤
ከጎኑ በሌላ ቀለም፦ «በአራት ዓመቱ ተቀበረ»።
አጎት ኤልካና ይህችን መስመር
ወይ አላያትም፣ ወይ አይቶ አለፋት።
ሁለተኛው፣ በዚያው ዓመት፦
«ኢኖክ፣ የወተት ቤት ገረዷ የማርጀሪ ልጅ፣
አባቱ—»
ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።
ወይ ማርጀሪ አልተናገረችም፣
ወይ ተናግራ፣ የሰማት ቄስ ፈርቷል።

ይሄኛው ነው? ማን ያውቃል።
ሦስተኛ ኢኖክ በሌላ ደብር ተወልዶ ይሆናል፤
የዚያን ደብር መዝገብ እሳት በልቶታል።
ወይም ዕዳ የሚያሳድደው አንድ ወጣት
ወደቡ ላይ፣ የሞተ ሕፃን ስም
እንደ ካፖርት ደርቦ ተሳፍሯል።

በአማርኛ ትውልድ ሲቆጠር፣
አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣
ሽማት፣ ምንዝላት፣ እንጅላት፣
ፍናጅላት፣ ቅናጅላት፣ አስልጥ፣
ከዚያ በላይ ያለው አምልጥ ይባላል።
ለዶርካስ፣ ኢኖክ እዚያ ላይ ይውላል።
ይህን ስም ያወጣ፣ ማንም ይሁን፣
ወደ ኋላ የሚቆጠር ሰው
አንድ ቦታ እንደሚያመልጥ ያውቃል።

ዛሬ ግን ሌላ ወረቀት ወጣ፤
ከሣጥኑ ወለል የተጣበቀ የመሬት ውል።
«እኔ ናሳኮም፣ የዋሚሴት ልጅ፣
የኦኮሙስ የልጅ ልጅ…» እያለ
ሻጩ፣ አፈሩ የሱ መሆኑን ሊያስረዳ
እስከ ሰባት ቤት ቆጠረ።
ገዢውን ግን የማን ልጅ ነህ ያለው የለም፤
«ኢኖክ፣ የዚህ ከተማ ሰው»፣ በቃ።
ከተማው ገና ሦስት ክረምት አልሞላው።
ዋጋው ስድስት ካፖርትና አንድ የብረት ድስት።
ከግርጌ ሁለት ምልክት፦
የሻጩ ኤሊ፣ የገዢው መጥረቢያ።

ልማድ ነውና ወሰኑን በጣቷ ተከተለች፤
ከትልቁ ኦክ ዛፍ እስከ ተሰነጠቀው ቋጥኝ።
ቋጥኙን ታውቀዋለች። የራሷ ጓሮ ነው፤
ልጅ ሳለች ትንሸራተትበት ነበር።

«ሊዘጋ ነው» አላት መዝገብ ጠባቂው፣ ቁልፉን እያንኳኳ።
ደብተሯን ገለጠች።
ከኢኖክ በላይ ባለው ክፍት ቦታ
«ማርጀሪ» ብላ የጥያቄ ምልክት አኖረች።
ከዚያ፣ ዘር ይቅርላቸው አይቅርላቸው ሳታውቅ፣
የናሳኮምን ሰባት ስም ትቀዳ ጀመር፣
አንድ ፊደል እንዳታጎድል አንገቷን ደፍታ።
ስድስተኛው ላይ ሳለች መብራቱ ጠፋ።