ውስጡን ለቄስ

ከልደታ ፍርድ ቤት ጀርባ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
አንድ መኝታ ከነሳሎን፣ በመስኮቱ ሩብ ሰማይ።
ደላላው ፉአድ ቀድሞኛል፤ ቁልፉን እያቃጨለ
«ትናንት ነው የተቀባው፣ እህቴ፣ እጅሽ እንዳይነካው» አለ።

ሽታው ገና ያቃጥላል፤ ነጭ ነው፣ ከነጭም ነጭ።
እኔን ግን ቀለም አያታልለኝም፤ ቀለም ነው የእንጀራዬ ምንጭ፦
ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፤
የሰው ክስ፣ የሰው ውርስ፣ የሰው ፍቺ ሳባዛ ስኖር
ገጽ በገጽ ነው የሞላው፣ ለቤት ያልኩት ይኼ ብር።
አሥራ አንድ ዓመት። የገንዘብ ቁጥር ሲጠሩልኝ ዛሬም
በገጽ ካልመነዘርኩት ልኩ አይገባኝም።
ልኖርበትም አይደለም፤ እኔው በኪራይ ቤት ሆኜ
ላከራየው ነው የምገዛው፣ ለእርጅናዬ ሰግቼ፣ ለምኜ።

ስለዚህ ጋሽ ወልደሃናን ይዣቸው መጣሁ።
«እኔ ሳልሰማው አትፈርሚ» ብለውኛል፤ እሺ ብያለሁ።
አንድ ጆሯቸው ደንቁሯል፤ በደህናው ግንብ ያደምጣሉ፤
በሳንቲም ኳ፣ ኳ... ሴራሚኩን፤ «እዚህ ጋ ባዶ ነው» ይላሉ።
ከላይ ሲያዩት ያምራል እንጂ፣ ውስጡን ለቄስ ይል የለ ሰው?
እኒህ ናቸው ቄሱ፤ ከሲፎኑ ሥር ተንበርክከው
ግድግዳ ያናዝዛሉ፤ መስቀላቸው መዶሻ ነው።

እንዲጽፉበት የተበላሸ ኮፒ ሰጠኋቸው፤
በፊቱ ባልና ሚስት ንብረት ይካፈላሉ፣
በጀርባው የእኔ፦
የመታጠቢያው ወለል ይነሳል፤ ውሃው ታች ቤት ይወርዳል።
የቧንቧው መስመር በሙሉ ዝጓል።
ማብሪያው ጋ ሽቦ ተቃጥሏል፤ ጥቀርሻውን ቀለም ውጦታል።
ጣሪያው...
«ጣሪያውን ክረምት ይናገረው» ብለው ብዕሩን አነሱ።

ፉአድ ሳቀ፤ «ጋሼ፣ ቤት ሊያዩ ነው የመጡት ወይስ ሊያፈርሱ?»
በደንቆሮው ጆሯቸው ሰሙት። አልመለሱ።

ደመርኩ። ስልሳ ሺህ ገጽ።
«ሲሶ ጨምሪበት» አሉኝ፣ «ግንብ ሲከፈት ወሬው ብዙ ነው።»

መኝታ ቤቱ ተዘግቷል። «ዕቃ ነው» አለ ፉአድ፣ ፊቱን አዙሮ።
ዕቃው አስነጠሰ።

ፀዳለ። ተከራይ። ስድስተኛ ዓመቷ።
ማንም አልነገራትም፣ ገዢ እንደ መጣ ለቤቷ።
«ጣሪያውን እኔ ልንገራችሁ፤ ነሐሴ ላይ በሌሊት ሁለቴ ባልዲ እደፋለሁ።
ሲፎኑን በራሴ ነው ያሠራሁት፤ ባለቤቱ አልከፍልም ብሎኝ ከስሻለሁ... ከስሼዋለሁ።
ደረሰኝ አለኝ፣ ላሳያችሁ?»

እውነቷን ነው? ወይስ ቤቱ ገዢ እንዲያጣ?
እኔም ተከራይ ነኝ፤ አውቀዋለሁ፣
ሰው ለጣሪያ ሲል ጣሪያ ያማል።

ደረሰኙን ተቀበልኳት። ኮፒ ነው።
በቀኝ ጠርዙ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀጭን ጥቁር መስመር፤
የእኔ ማሽን ጠባሳ ነው፣ ሌላ ቤት የማይኖር።
አምጥታልኝ ነበር። አባዝቼላት ነበር። አምስት ብር በገጽ።
አላነበብኩትም። የማባዛውን አላነብም፤
ፍርድ ቤት ጥግ ሠርቶ የሚያነብ እንቅልፍ የለውም።

ደረጃው ላይ ፉአድ ተጠጋኝ፤ «እሷን ለእኔ ተዪልኝ፤
ባዶ ቤት ነው የማስረክብሽ፣ በሳምንት ጊዜ ስጪኝ።»
ጋሽ ወልደሃና ቆሙ። ይህን በደህናው ጆሮ ነው የሰሙት።
ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብዕሩን አወጡት፦
«ይችን ልጅስ የት ልጻፋት? ከሚነሳው ነው፣ ከሚቀረው?»

«ቅዳሜ እደውላለሁ» አልኩ፣ ለማን እንደ ሆነ ሳልለየው።

ወደ ሱቄ ወረድኩ። ማሽኑን አበራሁ፤ ባዶ ወረቀት አስገባሁ።
ያው መስመር ወጣ፣ በቀኝ በኩል።
ይኼን ማሠሪያ ስንት እንደሚፈጅ
አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።