ቁልቁለቱ አፍ ላይ

ከሞጣ ስንወጣ ጭቃ በአለት ሲረታ፣
መሬት ለዓባይ ብላ መቀነቷን ስትፈታ፣
እንየው ቆመ፤ ቁልቁለቱ አፍ ላይ።
ምንም የሚያስቆም የለም ለሚያይ።

ከቆላው ከብት መሃል በሽታ ቀድሞን ወርዶ፣
ከኋላችን በሳጥን ክትባት ከነበረዶ፤
ሐኪሟ ስንዱ አለች፦ «እባክህ ንዳ ቶሎ፣
ሞት አይጠብቀንም ቀጠሮ አላቸው ብሎ።»

እሱ መልስ አልሰጠም።
እኔን፣ ረዳቱን፣ «ውረድ» አለኝ፤ «የፊት ጎማ ቆልፍ።»
ቆለፍሁ ግራ ቀኙን፣ ማጉረምረሜ ሳያርፍ።
እሱ ማርሹን ፎሌ አርጎ ፍሪሲዮን ረገጠ፤
ትንሿን ዘንግ ይዞ ወደ ከባድ ለወጠ።
ቀጭ አለች ከሆዷ፣ ጥርስ ከጥርስ ደረሰ፤
ድምጿ ወፈረና እርምጃዋ አነሰ።

እግሩ ፍሬን ላይ የለም፤ ወለል ላይ ተኝቷል፤
ሞተሩ እንደ ቀንበር አንገቷን ይዟል።
ማሽላ የጫነች አህያ ቀደመችን በግራ፤
«ልግፋችሁ?» አለ ባለቤቷ፣ ሲያሾፍ ሲኮራ።
ስንዱ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ አፈርሁ።
ጣሪያው ላይ ያለውን ገመድ አሥሬ ቆጠርሁ።

ሦስተኛው እጥፋት ላይ ሽታ መታን፤ የጋለ ፍሬን።
አይሱዙ ቆሟል፣ ለገደሉ አንድ ክንድ ሲቀረው አየን።
ሾፌሩ መሬት ላይ፣ ቋንቋ የጠፋበት፣
ጎማው ሥር ያስገባው ድንጋይ ላይ ተቀምጦበት።
ብነሣ ይሄዳል ብሎ።
እንየው ምንም አልጠየቀው። ገመዱን አስሮ ሳበው፤
በዚያው ማርሽ፣ ሳይቸኩል፣ ከጥጉ ወደ መሃል መለሰው።
ከዚያ ወዲያ ስንዱ ሰዓቷን አላየችም።

ታች ደረስን። ወንዙን፣ ድንጋዩ ከጎማ የሚተልቀውን፣
ነዳጅ ሳይጨምር ሳይቀንስ እየዳሰሰ አለፈው፣ ሆዱን።
ሳጥኑ ሲከፈት ግማሹ ውሃ ነበር፣ ግማሹ በረዶ፤
ስንዱ መርፌዋን አወጣች፤ ከብቱ ቆሟል ተገዶ።

ማታ፣ ትከሻችን ላይ የላብና የበሬ ሽታ እያለ፣
«ገደሉ መሃል ብታስገባውስ?» አልሁት።
ሳቀ መሰለኝ፤ ጨለማ ነበር።
«መሃል ላይ ማርሽ የለም፣ ልጄ።
ፎሌ ላይ ሳለህ የሚነዳህ ተራራው ነው።
ቆመህ ነው የሚገባ፤ ደግሞም ሳትፈራ።
ከፈራህ በኋላ እጅህ ያንተ አይደለም።»

እኔ ግን ነገር ይገባኛል ዘግይቶ።
መሪ በያዝሁ በወሩ፣ ደብረ ማርቆስ አስፋልት ላይ፣ ልቤ ተነፍቶ፣
ከባዱን ሳላወጣ አደባባዩን ልዞር፣
መኪናዋ ዘለለች፣ እንደ በቅሎ በእልኸኛ እግር፤
ጎማዋ ጮኸ፤ የባጃጅ ልጆች አጨበጨቡ።
እንየው ከጎኔ፣ ሽሮ እንደጎረሰ፣
«አውጣው» አለ። «ጭቃ የለ፣ ቁልቁለት የለ፣
ለማን ብለህ ነው ይህን ሁሉ ጉልበት?
ደረቅ መንገድ ላይ ጥርሷን ታረግፋለህ።»

ዛሬ የምነዳው አዲስ ነው፤ ዘንግ የለው፤ ቁልፍ ነው፣ ጣት ይበቃዋል፤
አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይልና «ገብቷል» ይላል።
እንየው ጡረታ ወጥቷል። ቤቱ ከጮቄ ሥር፣ ከዳገት ጫፍ ነው፤
ቀፎዎቹ ታች ናቸው፤ ምንጩ ካለበት፣ እግር ከሚያዳልጠው።

ባለፈው መስከረም ሄጄ አብሬው ልወርድ ተነሣሁ።
ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። እኔ በወጣት ጉልበት ቀደምሁ፤
ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ በቂጤ።
ተነሥቼ ሱሪዬን ሳራግፍ ወደ ላይ አየሁት፦

ቆሟል፣ ቁልቁለቱ አፍ ላይ።
ከዘራውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ።
የጫማውን ክር አጠበቀ።
ጉልበቱ ቀጭ ሲል የሰማሁ መሰለኝ።

ከዚያ ወረደ።