የታችኛው ጆንያ

ሽምብጥ ነው መጋዘኔ፣ ከጣና ዳር ብዙ የማይርቅ፣
ሌሊት ሌሊት የሚያልበው፣ ቀን ቀን ደግሞ የማይደርቅ።
ቆርቆሮው ከውስጥ ያነባል፣ የሐምሌ ጭጋግ ሲጫነው፣
ጠብ ጠብ ያለው ሁሉ ወርዶ ለጆንያው ነው የሚሆነው።
«ርብራብ አበጅለት» ብሎኝ ነበር የመርዓዊው ሹፌር፣
ጣውላው ተወደደና፣ በቆሎው አደረ ካፈር።

የላይኛው ጆንያ ደኅና ነው፤ እፍኝ ስትዘግን ይንኳኳል፤
የታችኛው ዝም ይላል። እጅህን ስትሰድ ይሞቃል።
ፈታሁት፤ አረንጓዴ፣ ግራጫም፣ እንደ ጥጥ ያለ፣
አንዷን ፍሬ በጣቴ ባሻት፣ እንደ ጢስ ብን አለ።

ማንም አላየኝም። ገለበጥኩት። አሰጣሁት ግማሽ ቀን ፀሐይ፤
አበጠርኩ፣ ደባለቅኩ፤ ከደኅናው ጋር አብሮ ሲታይ
ማን ይለየዋል? ከወፍጮ ሲወጣ ሁሉም ዱቄት ነው፣
ፉርሽካ ገባበት፣ ፋጉሎ ገባበት፤ ሽታውን ኑጉ ሸፈነው።

ወይዘሮ ባንቻየሁ መጣች፤ ከዘንዘልማ፣ በባጃጅ፣
ሦስት ኩንታል አስጫነች፤ የቆየች ናት፤ ደንበኛ፣ ወዳጅ።
መቶ አርባ ዶሮ አላት። ስም አላወጣችላቸውም፤ ግን
ከጩኸቷ ትለያለች፣ የትኛዋ እንደጣለች ጠዋቱን።

ሳምንት አለፈ፤ ሁለት። መጀመሪያ የእንቁላሉ ልብስ ሳሳ፣
እንደ ሕፃን እርግብግቢት፣ በጣት ሲነኩት ገባ፤ ተነሣ።
ከዚያ መኖውን ተዉት። የአናታቸው ቀይ ገረጣ።
ክንፋቸው መሬት ጠረገ።
«ፈንግል ነው» አለ አንዱ። ለፈንግልማ ከትባለች።
«ዓይን ነው» አለ ሌላው። ጤና አዳምም በሩ ላይ ሰቅላለች።
በአንድ ሌሊት አሥራ አንድ። ከጌሾው ሥር ቀበረቻቸው፣
ውሻ እንዳያወጣቸው ብላ ድንጋይ ጫነችባቸው።

ዶክተር መላሽ መጣ ከኮሌጁ፣ ላስቲክ ጫማ ተጫምቶ፣
አንዷን ድንጋይ ላይ ከፈታት፣ ምላጭ ከኪሱ አውጥቶ።
ጉበቷ ጉበት አይመስልም፤ ብጫ ነው፣ የሰነበተ ቅቤ፣
በጣቱ ጫን ቢያደርገው ፈረሰ። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ እኔ
አልነበርኩም።
ቀና ብሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፦ «ምን በሉ?»
አሳየችው። ዘገነ። ቆየ።
«መርዙ አይሸትም» አለ፣ «ዓይን አያየውም፣ እሳትም አይችለው፤
ሻጋታው ቢራገፍ እንኳ፣ እሱ ከፍሬው ውስጥ ነው ያለው።»

ቅዳሜ ሱቄ ድረስ መጣች። ልትጮህብኝ ነው ስል በሆዴ፣
ሚዛኔን ስወለውል ቆየሁ፤ የነጋዴ ሁሉ ዘዴ።
አልጮኸችም። «ይህን በቆሎ የሸጠልህ ሰው አታሎሃል፤
እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንተም ተጎድተሃል።»

ከፌስታሏ አሥር እንቁላል አወጣች። «ይህ ለምናሉ፤
ልጅህ ታሟል ሲሉ ሰማሁ። ደኅና ሳሉ የጣሉ
ናቸው» አለች።
መቼ ድረስ ደኅና እንደነበሩ የማውቀው እኔ ነኝ።
ቀኑን ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» ወጣኝ።

ማታ ሚስቴ ድስት ጣደች። ውኃው ተንተከተከ፤
ምናሉ ማንኪያውን ይዞ፣ እንፋሎቱን እያየ ተንበረከከ።
እሳትም አይችለው።
ድስቱን አወረድኩት፤ ጨርቅ እንኳ ሳልይዝ፣ በባዶ እጄ።
«ምን ነካህ?» አለች። መልስ የለኝም። ወጣሁ ከደጄ።

ጣና ልወረውረው አልኩ፤ ዓሣውስ? ይብራዎቹስ? ጀልባ ሥር
ጎጆ የሠራችውስ? መለስኩት ወደ ኪሴ፤ ሲንጋጋ ይሰማኛል፤ አሥር።
መጋዘኑን ከፈትኩ። ከታችኛው ረድፍ አንድ ጆንያ ቀርቷል፤
ነገ ፋብሪካ ልልከው የነበረ፤ አፉም ተሰፍቷል።

ተቀመጥኩበት። ሞቀኝ።
ስልኩ በእጄ ነው። ቁጥሯ ወጥቷል። ጣቴ ቁልፉ ላይ አለ፤
ቆርቆሮው ጠብ ይላል። ሰማዩ ከደሴቶቹ በላይ ፈካ አለ።
እንደታቀፈች ዶሮ ጆንያዬ ላይ ነኝ፣ ሳልንቀሳቀስ፤
ምን እንደምፈለፍል እንጃ፣ እስኪነጋ ድረስ።