ኖራ ያለበት ድንጋይ

የእህቴን ልጅ ምንይችልን፣ ገና በስምንት ዓመቱ፣
«ባሕር አሳይሃለሁ» ብዬ፣ ከደንበጫ ከቤቱ
ይዤው መጣሁ፤ መንገዱን ሁሉ
ግንባሩ ተለጥፎ ከመስታወቱ።

መጀመሪያ ግንቡ ዘንድ ሄድን። በሩ ተቆልፏል።
ቁልፍ ያዡ አቶ ጥጋቡ ለቅሶ፣ ዘጌ ተሻግረዋል።
ማን እንደ ሠራው ግንቡን፣ ቆሜ ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤
አንዱ «ፈረንጅ ነው» አለኝ፣ ጥርሱን እየፋቀ፣
ሌላው «ንጉሥ ነው እንጂ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣
ቆሎ ሻጯ ግን፣ መስፈሪያዋን እየደፋች፣
«እኔ ስወለድም ነበር» ብላ ወሬውን ዘጋች።

ከግንቡ ዝቅ ብሎ፣ በአጥሩና በጀልባዎቹ መካከል፣
የውኃ ዳር አለ፣ አንድ ጭብጥ የሚያህል።
ሃያ እርምጃ ነው፣ ቢበዛ ሃያ አምስት፤
ጥቁር ድንጋይ፣ ጥቁር ድንጋይ፣
የአንድ እግር ሸበጥ፣ የቆሮሶ ቅርፊት፣
ጥጉን እምቦጭ ወርሶት፣
ከአሮጌ ታንኳ የተረፈ አንድ እቅፍ ደንገል ሲበሰብስበት።
ይሁኔ የሚባል ልጅ ባጃጁን ያጥባል
ግማሽ ጎማው ውኃ ውስጥ፤ ሬዲዮው ይለፈልፋል።
«ግቡ፣ ግቡ» አለን፣ ቤቱ እንደ መጣን ሁሉ፣
ድምፁንም ቀነሰልን።

ምንይችል ቆመ። ጫማውን አላወለቀም።
«አሸዋው የት አለ?»

እናቱ ቤይሩት ናት። አምና የላከችው ፎቶ
አሸዋ ነበረው፣ እንደ ጤፍ ዱቄት ተነፍቶ፤
የሰው ልጅ በእጇ ይዛ፣ ጫማዋን አውልቃ፣
ፀሐይ ዓይኗን ወግቷት፣ በግማሽ ፊቷ ስቃ።
ከሒሳብ ደብተሩ መሀል ነው የሚያኖረው፤
ጠርዙ ተላልጧል።

ምን ልበለው?
«አልደረሰም ገና» አልሁት። «አሸዋው ይሄ ድንጋይ ነው፤
ጣና ቀስ እያለ እየፈጨው ነው።»
«መቼ ይደርሳል?»
«አንተ ስታረጅ። አይ፣ ከዚያም በኋላ።»
የወፍጮ ቤት ወረፋ መሰለው መሰለኝ፣
በረጅሙ ተነፈሰ።

ከዚያ በአራት እግሩ ወረደ፣ እያዳለጠው፣
አንዱን ድንጋይ ገልብጦ «ይሄ ለምን ነጭ አለው?»
ኖራ ነው። ከግንቡ ወድቆ፣ ወይ ሰው ጥሎት፣
ከእህት ወንድሞቹ ተመልሶ፣
ጀርባው ላይ የቤት ምልክት ቀርቶበት።
«አያቴ» አለ ይሁኔ፣ ጨርቁን እየጨመቀ፣
«ለቤቱ መሠረት ከዚህ ነው ያጋዘው፤
የግንብ ይሁን የባሕር ማን ጠየቀ?»

«ይሄ ውኃ እናቴ ጋ ይደርሳል?»
ካርታውን በሐሳቤ ዘረጋሁ። በዓባይ ወጥቶ፣
ሱዳንን አቋርጦ፣ ግብፅን ጠጥቶ
(አይደለም፣ አጠጥቶ)
ከትልቁ ባሕር ይገባል፤ የሷም ባሕር እሱ ነው።
«ይደርሳል» አልሁ።
«ድንጋይስ?»
«ድንጋይ እንኳ አይደርስም።»
«አሸዋስ?»
«አሸዋማ፣ ምናልባት» አልሁ፤
ከትምህርት ቤት ካርታ ሌላ ስለ ወንዝ የማላውቅ እኔ፣
ቃሌን የምመልስበት ጊዜ ሳይሰጠኝ
ሁለት ድንጋይ አንስቶ ማፋጨት ጀመረ፣
ኖራ ያለበትን ከሌለበት ጋራ።

ፈጨ። ጀልባዎቹ ከገዳማቱ ተመለሱ፣
ቱሪስቶቹ ወርደው የሕይወት ማዳኛ ሰደርያቸውን መለሱ፣
ፈጨ። ይሁኔ ባጃጁን አስነሥቶ፣ ሳይሄድ መልሶ አጠፋው።
ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ያየው ጀመር።

ሲመሽ እጁን ዘረጋልን፤
አንድ ቁንጥር፣ ግራጫ፣ ጨው የማያህል ነገር፣
ከሥሩ የተላጠ አውራ ጣት።
«ይበቃል?»
«ይበቃል» አለው ይሁኔ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ወደ ውኃው ዞሮ እፍ አለው።
ነፋሱ ግን በዚያ ሰዓት
ከባሕሩ ወደ ግንቡ ነበር።