ዝርዝር

የወረቀት ፋብሪካው ጭሱ ከጠፋ ወዲህ ስምንት ክረምት አልፏል፤
ወንዙም ንጹሕ ሆኗል፣ ዓሣው ተመልሷል፣ ሰዉ ግን የት ተርፏል?
እኔ የቀረሁት በረዶ ልጠርግ ነው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
በከተማው መኪና፣ ባለ ትልቅ አካፋ፣ ጨው እየበተንኩበት።
ሚስቴ ዣኒን ደግሞ አረጋውያን ቤት ሽማግሌ ታጥባለች፣
ሲነጋ ትገባና፣ ጫማዋን ሳትፈታ፣ ወንበር ላይ ትተኛለች።

ኮሌት፣ ትልቋ ልጄ፣ ቁጥር የሚወዳት፣
አንድ ማታ መጣች፣ የመብራት ሒሳቡን ፖስታ በጀርባው ሞልታበት፤
ዐሥራ አራት የኮሌጅ ስም፣ ከላይ እስከ ታች ድረስ፣
አንዳንዱን ምላሴ እሺ አላለውም፣ ብጀምር ብመለስ።

"ምንድን ነው?" አልኳት።
"ዝርዝር ነው፣ አባዬ።"

እኔ የማውቀው ዝርዝር ኪስ ውስጥ የሚንቃጨለው፣
ዳቦ ተገዝቶ ሲያበቃ መልስ ሆኖ የሚመጣው፤
የሷ ግን ድምፅ የለው፣
ቢሆንም ከበደኝ፣ ፖስታውን ሳነሣው።

ወይዘሮ ፔልኪ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ አስጠርተው አናገሩን፤
"በሦስት ክፈሉት" አሉን፤
"በርግጥ የሚቀበላት፣ ሊቀበላት የሚችል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሕልም፤
ብቻ ልብ በሉ፦ ገባች ማለት፣ ተከፈለ ማለት አይደለም።"
እኔም በሆዴ አንድ ረድፍ ጨመርኩ፣ ለሳቸው ያልነገርኩት፦
የማሞቂያው ዘይት፣ የሬሚ ጥርስ፣ እና ያ ጎማ፣ አምና የለጠፍኩት።

ማመልከቻው ብቻ፣ አንዱ፣ ስድሳ ዶላር።
ይህን የሰማው ሬሚ፣ ዐሥራ አንድ ዓመቱ፣ አድሮ ሲደምር፣
"ባዶ ጣሳ አንዱ አምስት ሳንቲም ነው፤
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጣሳ ማለት ነው" አለኝ፤
በማግስቱ ማታ ከኳስ ሜዳው በኩል ከረጢት እየጎተተ መጣብኝ።

የነ ዊሌት ልጅ አምና ቦስተን ገብቶ፣
የኮሌጁ ስም በመኪናቸው መስታወት ተለጥፎ፣ አገር ሁሉ አይቶ፤
ዘንድሮ ጀልባቸው፣ አባትየው በእጁ የሠራት፣
ደጅ ቆማለች፣ "ለሽያጭ" የሚል ወረቀት አንገቷ ላይ አስረውባት።
እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ይባላል፣ እውነት ነው፤
ግን ቤቴስ ስንት ነው? ማን ነው የሚለካው?

ኮሌት መሰረዝ ጀመረች። አውሮፕላን የሚያሻውን፣
ብድር ብቻ የሚሰጠውን፣
ምግብ ቤቱ አምሮ በፎቶ የጠራትን።
ባሕር የሚጠናበት ያ ሩቁ ኮሌጅ ጋ ስትደርስ፣ ላጲሱ ቆመ፤
"ሰማንያ ሺህ" አለች። ቤቱ ዝም አለ፣ ማቀዝቀዣው ብቻ አጉረመረመ።

"ለማንኛውም አስገቢው" አለች ዣኒን፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፤
ያምናውን ግብር፣ የሁለታችንን ደመወዝ፣ የባንኩን ቅሪት ሳናስመልጥ፣
ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጥር በቁጥር ሞላን።
ቅርቡ፣ ርካሽ ያልነው፣ "በዓመት ዐሥራ ዘጠኝ ሺህ" አለን፤
ሩቁ፣ ያ የሀብታም ልጅ ቤት፣
ስድስት ሺህ።
ሦስት ጊዜ ደገምነው። ዜሮ የተገደፈ መስሎን ነበር፤
"ግምት ነው፣ ቃል አይደለም" አለች ኮሌት፣
እግሯ ግን ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ይመታ ነበር።

አንድ ቅጽ ቀረ፦ የማመልከቻው ክፍያ ይነሣልን የሚል፤
"የቤተሰቡ አቅም አይፈቅድም" ከሚለው ሥር ወላጅ ይፈርማል።
ሦስት ሌሊት በካፖርቴ ኪስ ይዤው ዞርኩ፣
ሰው ያልነቃበትን መንገድ ሁሉ ጠረግኩ፣
የስንቱን ደጅ ከፈትኩ፣ እሱን ግን አልፈረምኩ።
በአራተኛው፣ ሞተሩ እንደሞቀ፣ ጓንቴን በጥርሴ ሳብኩ፤
ሮላን ቲቦዶ ብዬ ጻፍኩ።
በረዶው አላቆመም።

አሁን ሰባት ስም ነው፣ ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት የተሰቀለ፤
ሕልሙ አንድ ነው፣ ሁለቱ ቅርብ ናቸው፣ የቀረው መሐል ላይ ዋለ።
ሬሚ ግን ጣሳውን አልተወም፣ ጓሮው በከረጢት ሞልቷል፤
"ክፍያው ተነሣ፣ ልጄ፣ እህትህ ጨርሳለች፣ ይበቃል"
ብለው፣ በረዶውን ከጣሳ እያራገፈ፣
ቀና ብሎ ሳያየኝ፣
"የኔም ዝርዝር አለ" አለኝ።