ሰባተኛው ረድፍ

አባባ አሎይስ፣ ደብተርዎ እኔው ዘንድ ነው ያለው፤
ልጅዎ «የሽማግሌ ቁጥር» ብሎ ንቆ ጣለው።
ከምድር ቤቱ ጥግ፣ ከባዶ በርሜል ጀርባ፣
ሻጋታ ሲግጠው አገኘሁት፣ ቱቦ ልፈልግ ስገባ።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በእርሳስ የተጻፈ፣
ቀለም የሚያሟሟ ጠል ሳይነካው ያለፈ፤
አጭር አጭር ቃል ነው፣ እንደ ተገረዘ ሐረግ፣
አንድ መስመር ለውርጭ፣ አንድ መስመር ለሠርግ።

«ሪዝሊንጉ አቆጠቆጠ። ሜይ ሦስት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ።
ወንድ ልጅ ተወለደ። ሌሊቱን ዝናብ ጣለ፤
አሥራ አራት ሚሊ።»
                        እዩት እንግዲህ፣ ባሌ
ከዝናቡ እኩል እንኳ ቦታ አላገኘም፤
ዝናቡ ልኬት አለው፣ የልጁ ኪሎ ግን የለም።
ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ ገጹን ገለጥሁ።
ሉድቪና ያረፈችበት ዓመት ላይ ቀኑ ብቻ ነው፤
ከሥሩ፣ በዚያው እጅ፦ «መኸሩን ጎረቤት ለቀመው።»

መጀመሪያ ላይ፣ እውነቴን ነው፣ እንዳለ ላምንዎት ነበር፤
ቀኖችዎን ግድግዳ ላይ ሰክቼ፣ በዚያው ልተዳደር።
ወይኑ ግን አልሰማም። በእርስዎ ዘመን አበባ
ጁን ሊያልቅ ሲል ነበር፤ ዛሬ ጁን ሳይገባ
ሽታው ከቁልቁለቱ ወርዶ መንደሩን ያውዳል፤
መቶ ቀን ሲቆጠር መቀሱ በሴፕቴምበር ይወርዳል።
ሞዘል ራሱ በጃንዋሪ በረዶ መልበስ ትቷል፤
ይህ ሁሉ ቁጥር፣ አልኩ፣ እንደ ዓምና ጨረቃ አርጅቷል።

ብዬ ልዘጋው ስል ዓይኔ አንድ ነገር ያዘ፦
ቀኑ ነው እንጂ የሄደው፣ ልዩነቱ የት ተጓዘ?
ሰባተኛው ረድፍ፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር ያለው፣
ሁልጊዜ ከላይኞቹ አራት ቀን ቀድሞ ነው የሚነቃው።
በስልሳ ሦስትም አራት። በሰማንያ አራትም አራት።
ዓምናም ወርጄ ብቆጥር፣ ያው አራት።
ጥቁሩ ድንጋይ የጠጣውን ፀሐይ ማታ ማታ ያጠባዋል፤
ሌሊት ግን ብርዱ ከላይ ተንከባሎ እዚያው ካቡ ሥር ያገኘዋል።

ለዚህ ነው ሁለቴ ያሰመሩት፣ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪቀድ፦
«ሰባተኛውን» — ከዚያ ሻጋታ የበላው፣ ሦስት ጣት የሚያህል ገጽ —
«ዘግይተህ ግረዝ። በፌብሩዋሪ አትንካ።»

ጎረቤቴ ኤግበርት የራሱን ማሳ በፌብሩዋሪ ጨርሶ
መጣ፣ መቀሱን ወገቡ ላይ ወደ ሰገባው መልሶ፦
«ያንን ረድፍ ለማን ተውሽው? ለወፍ ጎጆ ነው ወይስ?»
«ለአሎይስ።»
ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

ኤፕሪል ሃያ ስድስት። ሰማዩ ያለ ደመና፣
ነፋስ የለ፤ ውሻው እንኳ አፍንጫውን ቀብሮ ተኛና
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሦስት።
ባትሪ ይዤ ወረድኩ፣ እየተንሸራተትኩ፣ እየተሳደብኩ።
አንደኛው ደህና። ሦስተኛው ደህና። አምስተኛው ጫፉን ብቻ።
ስድስተኛው ከዳር እስከ ዳር፣ ለጋ ቅጠሉ በሙሉ
እንደ ተቀቀለ ጎመን ክንዱን ጥሎ ተኝቷል።
ሰባተኛው ግን ዓይኑን ጨፍኗል ገና፣
ጸጉራም እምቡጡን ጠቅልሎ፣ እንደ ሰነፍ ልጅ እንቅልፉን ያጣጥማል።

ኤግበርት አልሳቀም፤ የታችኛው ማሳው ሁሉ ነዷል።
ካቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ምንም አልተባባልንም።

ማታ ደብተርዎን መብራት ሥር አምጥቼ
ያንን የተበላ ቀዳዳ አየሁት ጎንበስ ብዬ፣ መነጽር ሰክቼ።
ከጠርዙ አንዲት የእርሳስ ጭራ ተርፋለች፣ ጥምዝ ያለች፣
የቁጥር ጅራት ትሁን የእጅዎ መንቀጥቀጥ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አላናገረችኝ።
ሻጋታ የበላውን ቃል ውርጭ አነበበልኝ።

እርሳስ ቀረጽኩ። ከመጨረሻው መስመርዎ ሥር፣ ባዶ ቦታ ሳልተው፦

«ኤፕሪል ሃያ ስድስት። ከዜሮ በታች ሦስት። ነፋስ የለም።
ስድስተኛውንም።»