የአውራ ጣት ፍርድ

ከመስኮቱ ማዶ ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አንድ ይላል፤ ከዜሮ በታች።
ሬዲዮኑ "ነፋሱ ሲታከልበት አርባ ሁለት" ሲል፣
ስንዱ ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ዓይኗን ከፈተች።
"ዛሬስ?" አለች።
"እናያለን" አልኩ።

ዊኒፔግ ገና አልነጋላትም፤ ከጎረቤት ጣሪያ ጭስ
ጎንበስ ብሎ ይሮጣል፣ የሚሸሽ ይመስል ከነፋስ።

በመጀመሪያው ዓመት ወሰኔ አምስት ነበር፤
ከዚያ በታች ብስክሌት የእብድ ነው ብዬ ስከራከር።
በሁለተኛው አሥራ ሁለት፣ በሦስተኛው ሃያ፤
ወሰንም እንደ ዕቃ ዋጋ ይወርዳል ለካ በገበያ።
ጓንት በጓንት ላይ ደረብኩ፤ ለጎማው የብረት ጥርስ ገዛሁ፤
የአፍንጫዬ ፀጉር እንደ ደረቅ ሣር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።
አንድ ቀን መብራት ላይ ቆሜ ሽፋሽፍቴ ተጣበቀ፤
አረንጓዴው ሲበራ በአንድ ዓይን ነው የሄድኩት።
ይህን ለስንዱ አልነገርኳትም።

ሰው ሁሉ የየራሱ ቁጥር አለው።
አለቃዬ "አሥር" ይላል፤ እሱ ብርድን የሚያውቀው
ከመኪናው እስከ በሩ ነው።
ሐኪሟ "ሳንባህን አስብ" አለችኝ፣ ቁጥር ግን አልሰጠችም።
ስንዱማ ቁጥር የላት፤ "ሞኝነት በዲግሪ አይለካም።"

ወሰኔን ያገኘሁት አምና ነው፤ በአሲኒቦይን ወንዝ ዳር፣
ሠላሳ ዓመት ከኮርቻ ያልወረደው ሽማግሌው ፔነር
ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ሲመጣ ሳየው ነበር።
"ጎማው ተነፈሰ?" አልኩት።
ጢሙ አመዳይ ብቻ። ራሱን ነቀነቀ፤
እጁን አንስቶ አሳየኝ፤ አውራ ጣቱ አልታጠፍ ብሎ ደረቀ።
"ደወሌን መደወል አቃተኝ" አለ። "ደወል ያልቻለ ጣት
ፍሬን አይችልም። ቁጥሩን ተወው፤ ጣትህን ጠይቃት።"
ሌላ አልጨመረም። በረዶው ከጫማው ሥር እያፏጨ ሄደ።

እኔ ደግሞ በጣቴ አዳሪ ነኝ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ፤
ፊቱን አይቼ የማላውቀውን ሰው ድድ በሸክላ እሞላለሁ።
ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከሽፋሽፍት የቀጠነች
ብሩሽ ትጠብቀኛለች።
ቆፈን የያዘው እጅ ክራንቻን ከመንጋጋ አይለይም።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ሆነ። ወርጄ ከደረጃው ሥር፣
አንገቴን ቀብሬ፣ በጓንቴ እጀታውን ይዤ፣ ሁለት መቶ እስክቆጥር
እቆማለሁ። ከዚያ አውራ ጣቴን አዛታለሁ።
"ቂል!" ይላል ደወሉ። "ቂል! ቂል!"
"እውነቱን ነው" ትላለች ስንዱ ከላይ፣ በተከደነ መስኮት።
እኔ ግን ተፈቅዶልኛል፤ እሄዳለሁ።

ዛሬም ወረድኩ። ቆጠርኩ። መቶ ሠላሳ ላይ ጥርሴ ከቁጥሩ ቀደመ፤
ሁለት መቶ ብዬ ጣቴን አዘዝኩ፤
ጣቴ አሰበች።
ደግሜ አዘዝኩ።
ግቢው ዝም፣ ደወሉ ዝም፣ እላይ መብራት በራ።

ብስክሌቱን አስሬ ተመለስኩ። ስንዱ ተኝታለች፤ ወይም ዓይኗን ጨፍናለች።
የአውቶቡስ ካርዱ ከምሳ ዕቃዬ ክዳን ላይ ተቀምጧል።
ገና ሳልወርድ ያስቀመጠችው ይመስለኛል።
አልጠየቅኋትም።